ብድሩ መቼ ይመለሳል?

ከአንገረብ ማዶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣
ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ ስልሳ ሦስት ጉሮሮ፣
ጠመኔ በጣቴ፣ ብናኙ ከደረቴ፣
ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት ትምህርቴ፦

«ከአምሳ ሁለት ላይ ሲቀነስ ሃያ ሰባት፣
ሁለት ትንሽ ናት፣ ሰባት በለጠባት፤
ከጎረቤት ሄዳ አንድ ትበደራለች፣
አሥራ ሁለት ሆና ሰባት ትከፍላለች።»

እንዲህ ነበር የተማርኩት፣ እንዲህ ነው ያስተማርኩት፤
ስንቱን ልጅ በዚች ብድር ከክፍል ክፍል አሻገርኩት።

ማክሰኞ ደብተር ሳርም፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
የዋጋዬ አንለይ መልስ ሠላሳ አምስት መጥቶ፣
ቀይ መስቀሌን ልጥል ስል እጇን አነሣች፤
ከወንበሯ ተነሥታ፣ ቆማ ጠየቀች፦

«ቲቸር፣ የተበደርነውን መቼ ነው የምንመልሰው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
መጽሐፉ አልነገረኝ፤
በልጅነቴ እኔም አልጠየቅሁ።
«ሕጉ ነው» አልኳት። «ተቀመጪ።»
ተቀመጠች።
እርሳሷን ከመሃሉ ከታ
ደብተሯን ዘጋች።

ቅዳሜ ገበያ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ተራ፣
ሽንብራ ልሸምት ሄጄ አየኋት ከእናቷ ጋራ።
በመዳፏ አንድ አምሳ ብር፣ ሁለት የብር ሳንቲም፤
ተሸካሚው ቸኩሏል፣ ሃያ ሰባቱን ሳይዝ አይሄድም።

ጠመኔ የለ፣ ሰሌዳ የለ።
ከጆንያው ጀርባ ቆሜ ትንፋሼን ዋጥሁ።

አምሳውን ይዛ ወደ ጨው ሻጯ ሮጠች፣
«እትዬ፣ ይችን ዘርዝሪልኝ» አለች።
አምስት ባለ አሥር። አንዷን መልሳ፣
«ይችንም»፤ አሥር ሳንቲም በቀሚሷ ጫፍ አፍሳ፣
ሁለት አሥር፣ ሰባት ሳንቲም ቆጥራ ከፈለች፤
ተሸካሚው ሲሄድ የቀረውን ጨበጠች፦
ሁለት አሥር፣ አምስት ሳንቲም።
ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም።

እናቷ እናንዬ ናት ያጫወተችኝ።
ከሰፈሩ ሱቅ ዘይት በዱቤ ሲወሰድ፣
ባለሱቁ ሰማያዊ ደብተሩን ሲገልጥ፣
ከስሟ ሥር ያለውን ቁጥር የምታነብላት
ይህችው ልጅ ናት።
እዚያ ቤት ብድር ቀን አለው፤
ቀን የሌለው ብድር ሌላ ስም አለው።

ስለዚህ አልተበደረችም።
ከሰባት ላይ ሁለትን ገልብጣ ቀነሰች፤
ዕዳ ሳትገባ አምስቷን ጻፈች።
እኔ ደግሞ በዚያ ላይ መስቀል!

ሃያ ሁለት ዓመት ብድር ያልኩት
ብድር አልነበረም።
ዝርዝር ነበር።
አሥሩ ከቤቱ አልወጣም፣ ጎረቤት አልሄደም፣
መልኩን ቀየረ እንጂ ዋጋው አልወረደም።

ሰኞ ጭራሮ ይዤ ገባሁ፣ አሥር አሥሩን በክር አስሬ፤
ስልሳ ሦስቱም መሬት ላይ።
«ፍቱ፣ ቁጠሩ፣ መልሳችሁ እሰሩ።»
ከመስኮቱ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት አቸነፍ፣
«ቲቸር፣ አሥር ማለት… የታሰረ ማለት ነው?»
የቋንቋ ሊቅ ምን እንደሚል እንጃ፤
እኔ ግን አይደለም አላልኩትም።

ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ሆኖ
«መጽሐፉ ‹መበደር› ነው የሚለው» ብሎ ጻፈብኝ።
ይጻፍ።

ዋጋዬ ግን አልጨረሰችም። እጇ እንደገና ላይ፦
«መቶ ብር ብቻ ቢኖረኝ፣ ሠላሳ ስድስት ብከፍል፣
የአንዱ ቤት ባዶ፣ የአሥሩም ቤት ባዶ፣
ታዲያ ከየት ነው የሚዘረዘር?»

ድሮ ቢሆን ሕጉን እላት ነበር።
«አንቺ ቅዳሜ ለት ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።
ዝም አለች።
ዝምታዋን አላቋረጥኩም።
ጣቶቿ ብቻ፣ አየር ላይ፣
የማይታይ ብር ይዘረዝሩ ጀመር።